ዘፋኝ የሌለው ዘፈን የማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው ደጀን ላይ ነው። ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ለአንድ ወዳጃችን ሠርግ ወደ ብቸና እየሄድን ነበር። ጎሃ ጽዮንን አልፈን፣ የአባይን በረሃ ቁልቁል ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ሽቅብ ተጠማዘን ደጀን ስንደርስ እንደማንኛውም መንገደኛ ጆሯችን ተደፍኗል፤ ሆዳችንም ባዶ ነው። ሾፌሩ "ሠላሳ ደቂቃ!" ብሎ ሞተሩን አጠፋና ሁላችንም ወደ ምግብ ቤቱ ተንጋጋን።

ቦታ ስለጠፋ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ጠረጴዛቸውን አጋሩን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የአገር ጉብኝት ፕሮግራም ያሳያል። ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ... ከምስሉ ጀርባ ደግሞ ቫይብራፎን ይንጠባጠባል። ከእኛ አንዱ ጉርሻውን ሳይውጥ "ሙላቱ!" አለ። አዛውንቱ ትንሽ አዳመጡና ወደ እኛ ዞሩ።

"ልጆቼ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?"

"አባባ፣ ይሄ ዘፋኝ የለውም። መሣሪያ ብቻ ነው።"

"ታዲያ የማን ነው?"

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፕሮግራሙ አለቀና ስሞች መውረድ ጀመሩ። አዘጋጅ፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግ... የመኪናው ሾፌር ስም ሳይቀር ተጽፏል። ሙዚቃ የሚል ግን የለም። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይቅር፤ ቁም ነገሩ ጣቢያው አይደለም። ቁም ነገሩ የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። "ታዲያ የማን ነው?" ያንን ጥያቄ ይዘን ብቸና ደረስን፣ ሠርጉን በላን፣ ጨፈርን፣ ተመለስን። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ዛሬ እንሞክረው። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃል አገር

አዛውንቱ ላይ መፍረድ አይቻልም። የተቀመጥነው የት ሆነና! ከደጀን ወደ ብቸናና ሞጣ የሚወስደው መንገድ የቅኔ አገር መንገድ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ እዚያው አካባቢ ነው። በሌላው አቅጣጫ ደብረ ኤልያስ አለ። ሰምና ወርቅ ሲፈለቅቅ ላደገ ሰው ዘፈን ማለት በመጀመሪያ ቃል ነው። አዝማሪው መሰንቆውን የሚገዘግዘው ቃሉን ለመሸከም ነው። ሰው ሰምቶ ሲያበቃ "ምን አለ?" ይላል እንጂ "ምን ተጫወተ?" አይልም።

እኛ የከተማ ልጆችስ ከዚህ የተለየን ነን? አይደለንም። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ ሲገጥመን ሁላችንም አንድ ስም አለን፤ "ክላሲካል" እንለዋለን። ቤትሆቨንም ክላሲካል፣ የኦርጋን ትዝታም ክላሲካል! ክላሲካል ማለት በእኛ አማርኛ ዜና እስኪጀምር የሚጠበቅበት፣ ሻይ የሚጠጣበት፣ ለቅሶ ሲነገር ከኋላ የሚለቀቅ ድምፅ ነው። ባለቤት የለውም። ልክ እንደ አየር።

የሚገርመው ቃል የሌለው ሙዚቃ ለጎጃምም ሆነ ለሌላው አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። እረኛው በዋሽንቱ ሲያንጎራጉር ማን ግጥም ይጠይቀዋል? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ ከጻፋቸው ሥራዎች አንዱን የሰየመው በዚሁ በባለዋሽንቱ እረኛ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ... ቅኝቱ ገና ሲነካ ሆዳችን የሚባባው ቃል ሰምተን አይደለም። ማዳመጥ እናውቃለን። የማናውቀው ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

ሕግ የጣሰው የሸክላ ነጋዴ

ለጥያቄው መልስ ስንፈልግ የምናገኘው የመጀመሪያ ሰው ሙዚቀኛ አይደለም። ነጋዴ ነው። አምሃ እሸቴ።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። የነፋስ መሣሪያ የሚነፋው ሰው ደመወዙም፣ ዩኒፎርሙም፣ መለከቱም የመንግሥት ነው። ሸክላ ማሳተምም እንዲሁ በነፃ የሚገባበት ሥራ አልነበረም። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር።

አምሃ ሸክላ ቤት የነበረው የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ነው። በ1969 ይሄን ሞኖፖል ማንንም ሳያስፈቅድ ጣሰው። በኋላ ሲያወራው ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ለዚህ ብለው አይገድሉኝም፣ ቢበዛ ትንሽ ያስሩኛል። አላሰሩትም። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ የዓለማየሁ እሸቴ ነበሩ (ስማቸው ቢገጥምም ወንድማማቾች አይደሉም)። የታተሙት ሕንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ሙሉ አልበም አወጣ። ስድስት ዓመት ብቻ! ዛሬ "ወርቃማው ዘመን" እያልን የምንጠራው ሙዚቃ ትልቁ ድርሻ የተቀረጸው በእነዚህ ስድስት ዓመታት፣ በእሱና እሱን አይተው በተከተሉት የግል አሳታሚዎች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዘፋኝ የሌለውን ሸክላ በዚያ ዘመን ማን ያሳትማል? የመንግሥት ቤት ቢሆን ለምን ብሎ? ነጋዴም ቢሆን የሚሸጠው ዘፋኝ ነው። አምሃ ግን አሳተመ። ያሳተመለት ሰው ደግሞ ገና ከአሜሪካ የተመለሰ፣ እንደ ልቡ የሚሞክር፣ ቫይብራፎን የሚባል መሣሪያ ይዞ የመጣ ወጣት ነበር።

የጅማው ልጅ

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 ጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላከው መሐንዲስ እንዲሆን ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ያዘው፤ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ። በበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነበር። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ "አፍሮ ላቲን ሶል" የሚሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። በ1972 ደግሞ እዚያው ከተማ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ወጣ። በዚህኛው ውስጥ አንድ የምናውቀው ነገር አለ፤ "ኩሉን ማን ኳለሽ"። አዎ፣ የሠርጉ! ሙሽራዋ ስትወጣ የሚዘፈነው፣ ግን ያለ ቃል።

ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሰየመው ነገር ሲፈታ እንዲህ ነው። ዜማው በእኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ሐርመኒ ግን ባለ 12 ድምፁ የምዕራባውያን ነው። ከበሮው ውስጥ ኒው ዮርክ የለመደው የላቲን ኮንጋ አለ። ችግሩ ሐርመኒው ከበዛ ቅኝቱን ይውጠዋል፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ልክ እንደ ወጥ ነው፤ ቅመሙ ሽሮውን ከሸፈነው ሽሮ በላሁ ማለት አይቻልም። ሙላቱ የለፋው ያቺን ልክ ለማግኘት ነው።

በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ያስተናገደውና አብሮት የተጫወተው ሙላቱ ነበር። በ1974 ደግሞ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ፈቃደ አምደ መስቀል ጋር "የካቲት" የሚል አልበም በአምሃ ሪከርድስ አወጣ። የካቲት የሚለው ስም ለምን እንደተመረጠ ለ66ቱ አብዮት ልጆችና የልጅ ልጆች መንገር አያስፈልግም።

አብዮቱ ግን ለሙዚቃው መልካም አልሆነለትም። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለ። ካሴት መጣና ሸክላውን ጣለው። አምሃ በ1975 አገር ለቆ አሜሪካ ገባ። ሙላቱ አገሩ ቀረ፤ አስተማረ፣ አቀናበረ፣ ተጫወተ። ሥራዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት እዚህ አገር የነበራቸው ዕጣ ያው ደጀን ላይ ያየነው ነበር። ክላሲካል።

ቡዳ የበላው... ሳይሆን ቡዳ ያዳነው

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የመሐሙድ አህመድን "እሬ መላ መላ" ሸክላ ይሰማና አዲስ አበባ ይመጣል። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ከዚህ ሙዚቃ አልወጣም። አምሃን አሜሪካ ድረስ ፈልጎ ተስማማ። ከ1997 ጀምሮም "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። አሳታሚው ድርጅት ስሙ ማን ቢባል ጥሩ ነው? ቡዳ ሙዚክ! (እማማ ቢሰሙ ያማትባሉ።)

የተከታታዩ አራተኛ ቁጥር በ1998 ወጣ። ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ የሙላቱ ሥራዎች፤ "የከርሞ ሰው"፣ "የግሌ ትዝታ"፣ "ጉብልዬ"፣ "መቼ ደርሼ"፣ "ደወል"። አብዛኞቹ ዘፋኝ የላቸውም። ሲዲው ላይ ግን አንድ ነገር አለ። የእያንዳንዱ ሥራ ስም፣ የደራሲው ስም፣ የተጫዋቾቹ ስም፣ የመጀመሪያው አሳታሚ ስም ተጽፏል። ይቺን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ጎረቤትየው የቀዳው ሲዲ

እነሆ ወደ ፊልሙ ደረስን። ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር የሙላቱን ሙዚቃ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። ሙላቱ ኢዘር ኦርኬስትራ ከተባለው የማሳቹሴትስ ቡድን ጋር ኒው ዮርክ ሲጫወት ከታዳሚዎቹ አንዱ እሱ ነበር። የጨነቀው ነገር አንድ ነው፤ አሜሪካ መንደር ውስጥ በሚካሄድ ታሪክ ይሄን ሙዚቃ በምን ምክንያት ላስገባው? መፍትሔው ቀላልና የሚያምር ሆነ። ለዋናው ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ሰጠው።

"ብሮክን ፍላወርስ" በ2005 ወጣ። በዚያው ዓመት ካን ላይ ከወርቅ ዘንባባው ቀጥሎ ያለውን ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ቢል መሬይ ዶን የሚባል ብቸኛ ሰው ነው። ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው ጎረቤቱ ዊንስተን ደግሞ ሦስት ሥራ የሚሠራ፣ ልጆች የሞሉት ቤት ያለው፣ በትርፍ ጊዜው መርማሪ የሚሆን ኢትዮጵያዊ ነው። (ሦስት ሥራ! ጃርሙሽ ዲያስፖራዎቹን በደንብ አይቷል።) ዶን የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ረጅም መንገድ ሊነዳ ሲል ዊንስተን "መንገድ ላይ ስማ" ብሎ ራሱ የቀዳውን ሲዲ ይሰጠዋል። ዶን መኪና ውስጥ ይከተዋል። "የግሌ ትዝታ" ይጀምራል።

ይሄን ትዕይንት ስናይ ሁላችንም ሳቅን። ምክንያቱም እኛ ነን! ኢትዮጵያዊው ለጎረቤቱ ያደረገው እኛ ለዘመድ ወዳጅ የምናደርገውን ነው፤ ሲዲ ገልብጦ "እንካ" ማለት። የእኛም ሾፌር ከአዲስ አበባ ደጀን ያጫወተን ሲዲ ላዩ ላይ በእስክርቢቶ "ምርጥ" ተብሎ የተጻፈበት ነበር። ምርጥ የማን? እንጃ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ሲዲው የተቀዳ ነው። ከፊልሙ ውጭ ግን ሦስቱ ሥራዎች፣ "የግሌ ትዝታ"፣ "የከርሞ ሰው" እና "ጉብልዬ"፣ በስማቸውና በደራሲያቸው ስም የፊልሙ የሙዚቃ አልበም ላይ ከማርቪን ጌይ ጎን ተጽፈው ወጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስም አልባ "ክላሲካል" የነበረ ነገር በአንድ ፊልም ባለቤት አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ሙላቱ በ60ዎቹ ዕድሜው እንደ አዲስ ተወለደ። ሃርቫርድ ጋበዘው፤ በ2009 ከለንደኖቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም ሠራ፤ በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ "የግሌ ትዝታ"ን ቆርጠው ራፕ አደረጉበት። በ2024ቱ "ኒክል ቦይስ" ፊልም መጨረሻ ላይ የሚሰማው የእሱ "ትዝታ" ነው። በ2025 የድሮ ሥራዎቹን እንደገና ተጫውቶ በአልበም አወጣ።

ፊልም ለምን ቃል አልባውን ይወዳል?

ጉዳዩ ውበት ብቻ አይደለም። ፊልም ሠሪ ከተዋናዩ ንግግር ሥር ዘፈን ካስገባ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እያወራ ማለት ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን ቦታ ይለቃል። ተመልካቹ ቋንቋውን ባያውቅም አይጎድልበትም። ስለዚህ አዛውንቱ እንደ ጉድለት ያዩት ነገር፣ የዘፋኙ አለመኖር፣ ለፊልም ትልቁ ብቃት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። አንድን ሙዚቃ ፊልም ውስጥ ለማስገባት ሁለት ሰው ይጠየቃል። አንደኛ የዜማው ደራሲ፣ ሁለተኛ የቅጂው ባለቤት፣ ማለትም ስቱዲዮ ከፍሎ ያስቀረጸው። ከሁለቱ አንዱ ካልታወቀ ጠንቃቃ ፊልም ሠሪ ሙዚቃውን ትቶ ሌላ ይፈልጋል። ሙላቱን የጠቀመው ይሄ ነው። ደራሲው በሕይወት አለ፤ አሳታሚው አምሃ ይታወቃል፤ ሲዲው ላይ ሁሉም ተጽፏል። የግል አሳታሚ መኖሩ በ1969 የድፍረት ጉዳይ ነበር፤ በ2005 ደግሞ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ። አምሃ በ2021 ሲሞት የተወልን ዘፈን ብቻ አይደለም። "የማን ነው?" ለሚል ሰው መልስ ነው።

ይሄ የአንድ ሰው ዕድል እንዳይመስላችሁ ሌላ እንጨምር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኦርኬስትራ አልነበራቸውም። አንድ ፒያኖ ብቻ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው፣ በኋላ ግሸን ማርያም መነኰሱ። በ1960ዎቹ ጀርመን ያሳተሙትን ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። አሳታሚ ድርጅት አልጠበቁም፤ ራሳቸው ናቸው። በ2006 "ኢትዮፒክስ" ቁጥር 21 ሆኖ ወጣ። ከዚያ በ2020 "ታይም" የተባለው ዶክመንተሪ፣ በ2021 ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ የታየው "ፓሲንግ" የእሳቸውን ፒያኖ ይዘው መጡ። ሁለቱም ጥቁርና ነጭ፣ ሁለቱም ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሕይወት። የሚገርመው ፒያኖው ለእነሱ የተጻፈ ይመስላል። እማሆይ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሥራቸውን የሚጠብቅ በስማቸው የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነበር። እንደገና፣ የሚጠየቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ የማን ነው?

አሁን ወደ ደጀን እንመለስ። አገራችን ሕግ አላጣችም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ገንዘቡን እንኳ ብንተወው፣ ሥራው በስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ሾፌሩን ለመጻፍ የበቃ ማያ ገጽ ለደራሲው አንድ መስመር አያጣም ነበር።

ግን ሁሉን ነገር ሕግ ላይ ጥለን እጃችንን አንታጠብ። ስሙን ያጠፋነው እኛ ነን። "ክላሲካል" ብለን የሰየምነው እኛ፣ ሲዲው ላይ "ምርጥ" ብለን የጻፍነው እኛ፣ ዛሬም ቪዲዮ ሠርተን ከኋላው ያገኘነውን ሙዚቃ ለጥፈን ዝም የምንለው እኛ። ጃርሙሽ ካን ላይ ያሸነፈበትን ሙዚቃ እኛ የዜና መሸጋገሪያ አድርገነው ነበር። ዛሬም በየስቱዲዮው ቫይብራፎን ባይኖራቸውም ኪቦርድና ዋሽንት ይዘው ቃል አልባ ሥራ የሚቀርጹ ልጆች አሉ። ማን እንደሆኑ አሁን ካልጻፍን የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚፈልጋቸው ሰው ማንን ይጠይቃል? ሁልጊዜ አንድ ፈረንሳዊ አይመጣልንም።

ሠርጉን ሳንነግራችሁ እንዳንጨርስ። ብቸና ላይ፣ ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት፣ ከእኛ አንዱ የሙላቱን "ኩሉን" በስልኩ ከፍቶ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። መጀመሪያ ዝም ተባለ። ወዲያው የሙሽራዋ አክስት ዜማውን አወቁትና ቃሉን ከላዩ መዝፈን ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ እልልታው ቀጠለ። ሲያበቃ አክስትየው "እንዴት ያለ ነው እናንተ! የማን ነው?" አሉን።

ደጀን ላይ ስቀን ያለፍነውን ጥያቄ ብቸና ላይ መለስነው።

"የሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ እታባ።"